ብሳናው ነቀዝ ይገድል እንደሆነ ጠርሙስ ይፍረድ

ጥያቄው የመጣው ከቡሬ ዙሪያ ነው። አባት ተናግረው ልጅ ጽፎታል። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዘንድሮ ወደ 14 ኩንታል በቆሎ አግኝቻለሁ። አምና ግን ግንቦት ላይ ጎተራውን ስከፍት እህሉ በነቀዝ ዱቄት ሆኖ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ የብርብራ ፍሬ ወቅጠህ አዋህደው ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ እናቷ የብሳና ቅጠል ያደርጉ እንደነበር ትናገራለች። ክኒኑን እፈራዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ቅጠሉ እውነት ይሠራል? እህሉ ሁሉ ላይ ሳልነሰንሰው በፊትስ በምን ልወቅ?»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ወድጃታለሁ። ብዙ ሰው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ያቆማል። እርስዎ «በምን ልወቅ?» አሉ። ዛሬ የምመልሰው በዋናነት እሷን ነው።

በመጀመሪያ ነቀዝ እንዲገድል እህል ውስጥ ስለሚጨመረው ክኒን። ፍርሃትዎ ልክ ነው። አንዷ የ3 ግራም ክኒን እርጥበት ስታገኝ 1 ግራም ያህል ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ትለቃለች። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። አየር የማያሳልፍ ነገር ውስጥ ካልታፈነ ደግሞ ነቀዙንም በቅጡ አይገድልም። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ሰው በሚተኛበት ቤት ማስቀመጥ ማለት ነቀዙን ትቶ ቤተሰቡን ማጠን ነው። ስለዚህ ክኒኑን እንርሳው።

አሁን ወደ ነቀዙ። በቆሎ ላይ የሚያዩት ጥቁር ቡኒ፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለው ትንሽ ነፍሳት ነው። ሴቷ በኩምቢዋ ፍሬውን ትሰረስራለች። አንድ እንቁላል ትጥልበትና ቀዳዳውን ሙጫ በሚመስል ነገር ትደፍነዋለች። በዓይን አይታይም። እጩ (ትሉ) እዚያው ውስጥ ተፈልፍሎ፣ ፍሬውን ከውስጥ በልቶ፣ አድጎ ይወጣል። 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይህ ሁሉ 5 ሳምንት ይፈጃል። እንደ እናንተ ቤት በሚበርድበት አገር እስከ 3 ወር ሊዘገይ ይችላል።

የቅጠል ዱቄት የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ የሚያገኘው ውጭ የሚሄደውን ነቀዝ ብቻ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለውን አይነካውም። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዚህ ተሸውጃለሁ። የሆነ ቅጠል ወቅጠን አዋሃድን፣ በሳምንቱ ስናየው አብዛኛው ነቀዝ ሞቷል፣ ደስ አለን፣ «ተገኘ!» አልን። ሁለት ወር ቆይተን ስንመለስ እህሉ ወንፊት ሆኗል። ውስጥ የነበሩት በየተራ ወጥተዋል። ያን ጊዜ የዱቄቱ ኃይልም አልቋል። የዕፅዋት መርዝ በብርሃንና በአየር ቶሎ ይደክማል።

ስለዚህ ሙከራው ሁለት ነገር መቁጠር አለበት። ስንት ሞተ? ከዚያ ስንት አዲስ ወጣ? ከሁለቱ እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው።

እንዲህ ያድርጉ። 12 የብርጭቆ ጠርሙስ ይሰብስቡ፤ የማር ወይም የማርማላታ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ይሻላል። አጥበው ያድርቁት። 6 ኪሎ ጤነኛ በቆሎ ይለዩና ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይመድቡ። መጀመሪያ ግን በቆሎው ውስጥ የተደበቀ እጭ እንዳይኖር ጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ ያስጡት። ላዩን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በድንጋይ ያፍኑት። ጠራራ ፀሐይ ላይ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጥ ያለውም ይሞታል። ለዘር የሚሆነውን ግን እንዲህ አያድርጉት፤ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል።

ሦስት ጠርሙስ ላይ ምንም አይጨምሩ። እነዚህን ማወዳደሪያ እንበላቸው። ሦስቱ ላይ የብሳና ቅጠል ዱቄት፣ ሦስቱ ላይ የብርብራ ፍሬ ዱቄት፣ ሦስቱ ላይ በወንፊት የተነፋ የምድጃ አመድ ይሁን። አመዱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አመድ መርዝ አይደለም። የነቀዙን ቆዳ እየፋቀ ያደርቀዋል፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ይደፍናል። አያቶቻችን ቦሎቄና ባቄላ ውስጥ ጤፍ የሚጨምሩትም ለዚሁ ነው፤ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ማን ያውቃል፣ ከቅጠሉ ይበልጥ ይሆናል።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ከደረቀ የሚፈለገው ነገር ይበናል። በእጅ ሲጨብጡት ፍርፍር ሲል በሙቀጫ ይውቀጡና በወንፊት ይንፉት። ለግማሽ ኪሎ በቆሎ 10 ግራም ዱቄት ይበቃል። በኩንታል ሲሰላ 2 ኪሎ መሆኑ ነው። አመዱን 25 ግራም ያድርጉት። ሚዛን ከሌለ አንድ ቀን ሱቅ ሄደው ያስመዝኑና ሲኒ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ ጭማቂውን እህል ላይ መርጨት እንዳይሞክሩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ጭማቂ ይወጣል፣ ግን በአልኮልና በመሳሰሉት ነው። ፈሳሹ ተንኖ ካለቀ በኋላ ነው የሚሞከረው። የእርስዎን በቆሎ በውሃ ካራሱት ነቀዙን ሳይሆን ሻጋታን ነው የሚቀልቡት። ሻጋታ ደግሞ ከነቀዝ ይብሳል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመጣው በእሱ ነው።

ከአምናው ትራፊ ላይ ነቀዝ ይንፉና በየጠርሙሱ 20 ሕያው ይጨምሩ። አፉን ጥቅጥቅ ባለ አቡጀዲ ሸፍነው በላስቲክ ያስሩት። ነጠላ አይሆንም፤ ሾልኮ ይወጣል። ጠርሙሶቹን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። ግማሹ ምድጃ አጠገብ፣ ግማሹ መስኮት ሥር ከሆነ የሚለካው ቅጠሉ ሳይሆን ሙቀቱ ይሆናል።

በ14ኛው ቀን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይቁጠሩ። አደራ፣ ነቀዝ ሲነኩት የሞተ ይመስላል! እግሩን ሰብስቦ ዝም ይላል። ልጅዎ «ሁሉም ሞቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይተዉትና በመርፌ ጫፍ ሆዱን ይንኩት። እግሩን ካነቃነቀ በሕይወት አለ።

አሁን ሒሳቡ። ማወዳደሪያው ውስጥም ጥቂቱ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ለምሳሌ በሦስቱ ማወዳደሪያ ከ60ው 6 ሞተ እንበል፤ 10 በመቶ ነው። ብሳናው ውስጥ ከ60ው 42 ሞተ፤ 70 በመቶ። 70 ላይ 10 ይቀነስና 60 ይቀራል። ይህን ለ90 አካፍለው በ100 ያባዙት። 67 በመቶ ገደማ ይመጣል። የቅጠሉ ሥራ ይኼ ነው፣ 70 አይደለም። አቦት የሚባል አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣት ቀመር ናት፤ ዛሬም ድረስ እንጠቀምባታለን።

ከቆጠሩ በኋላ የሞተውንም ያለውንም ነቀዝ በሙሉ አውጥተው በቆሎውን ከነዱቄቱ ይመልሱት። ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ይንፉት። ማወዳደሪያው ውስጥ የመጀመሪያው አዲስ ነቀዝ ከታየ በኋላ ለ4 ሳምንት የወጣውን ሁሉ እየቆጠሩ ያውጡ፣ ደብተር ላይ ይጻፉ። መጨረሻ ላይ ከየጠርሙሱ 100 ፍሬ ዘግነው ስንቱ እንደተበሳ ይዩ። የብሳናው ቁጥር ከማወዳደሪያው እምብዛም ካልተለየ፣ በ14ኛው ቀን የቱንም ያህል ቢገድል ለጎተራዎ አይሆንም።

አሁን ስለ ብርብራው ላስጠንቅቅዎ። ብርብራ ዓሣ ማስከሪያ መሆኑን ያውቃሉ። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ነቀዙን ሊገድል ይችላል፣ ግን እኔ ለሚበላ እህል አልመክረውም። ለዘር ብቻ ይሁን፤ ማዳበሪያው ላይም ይጻፉበት። ሲወቅጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። «የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን ነገር አልወደውም። የትምባሆ ኒኮቲንም የተፈጥሮ ነው። አስተናግርም እንደዚሁ። እንዶድ እንኳ፣ የኛ ኩራት፣ ቢጠጣ መርዝ ነው። ስለ እንዶድ ካነሳን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተው አላቆሙም፤ ላቦራቶሪ ወስደው ሞከሩት። የባለቤትዎ እናት ያደረጉትም እንደዚያው መሞከር አለበት።

ብሳናውን ቅጠሉን ብቻ ይጠቀሙ፣ ፍሬውን ተዉት፤ ሆድ ያስቀምጣል። በቆሎውን ከማስፈጨትዎ በፊት ንፉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ደግሞ ጉልበቱን ያስቡት። ለ14 ኩንታል 28 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ያስፈልጋል። እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ አብዛኛው ውሃ ሆኖ ይጠፋል። ስንት ሸክም መልቀም እንዳለብዎ ይገምቱ። ስለዚህ ሙከራው ቢሳካ እንኳ ለዘርና ለሁለት ሦስት ኩንታል ቢያደርጉት ነው የሚያዋጣው።

ዘመድ ከድሬዳዋ ወይም ከመተሐራ በኩል የሚመጣ ከሆነ ኒም የሚባለውን የቆላ ዛፍ ፍሬ ያስመጡ። ከቅጠሉ ፍሬው ይበረታል። ቶሎ ገዳይ አይደለም፤ ነቀዙን ምግብ ያስጠላዋል፣ እድገቱን ያዛባል። አንድ ረድፍ ጠርሙስ ይጨምሩለት። የሻገተ ፍሬ ከሆነ ግን ይጣሉት። ለቦሎቄ ከሆነ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት በደንብ ያሹት። የቦሎቄ ነቀዝ እንቁላሉ ውጭ ስለሆነ ዘይቱ ያፍነዋል። በቆሎ ላይ ግን እንቁላሉ ውስጥ ነውና እንደዚያ አይሆንም።

ጠርሙሱ እስኪፈርድ ድረስ 14ቱ ኩንታል ምን ይሁን? አምና የተረፈውን ከአዲሱ ጋር አይቀላቅሉ። ጎተራውን ጠርገው ጥራጊውን ያቃጥሉ፣ ስንጥቁን በእበትና በጭቃ ይለስኑት። በቆሎው መድረቁን በጨው ይፈትኑ። ደረቅ ጠርሙስ ሢሶውን በቆሎ ይሙሉ፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይነቅንቁ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ነው። ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨምሩለት አይጠላም፤ የምንፈልገው 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው።

እስከ ክረምት የሚያቆዩትን፣ አቅም ከፈቀደ፣ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያድርጉት። ሁለቱን ላስቲክ ለየብቻ፣ አየሩን እየጨመቁ ጠበቅ አድርገው ያስሩ። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ራሱ ይሞታል። ቅጠልም ክኒንም አይፈልግም። አይጥ እንዳይበሳው ብቻ ይጠብቁት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ጠርሙሶቹን ሲያስቀምጡ ለቤተሰቡ ይንገሩ። አንድ ጊዜ የሙከራ ጠርሙሶች ያስቀመጥኩባቸው እናት ማወዳደሪያዎቹን አይተው «ይኼማ ሁሉ ነቅዟል» ብለው ለዶሮ ሰጡት! የምናወዳድርበት ጠፋና ሁለት ወር የቆጠርነው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ማወዳደሪያውን ለዶሮ መስጠት ይቻላል፣ ግን ሁሉም ከተቆጠረ በኋላ። የብርብራውን ለዶሮም አይስጡ፤ ከውሃ ርቆ ይቀበር።