አበባ ቤት መቀጠር ለተመራቂ ያንሳል ወይ?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሆርቲካልቸር (በአትክልት፣ ፍራፍሬና አበባ ልማት) ከተመረቅሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ሲቪሽን ለሆለታም ለዝዋይም የአበባ እርሻዎች በትነሻል። እስካሁን የጠራሽ የለም። አሁን ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ አበባ ቤት፣ ዛሬ ታዞ ዛሬ የሚደርስ የልደት አበባ የሚያስተባብርለት ሰው ፈልጎ አንቺን መርጧል። አባትሽ ግን «አራት ዓመት ተምረሽ አበባ ልታዞሪ ነው?» ብለው አኩርፈዋል። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። ልግባ ወይስ እርሻዎቹን ልጠብቅ? ከገባሁስ ሲቪዬን ያበላሽብኛል?

ግቢ። ግን ስልክ አንሺ ብቻ ሆነሽ እንዳትገቢ። ማለዳ አበባ የምትረከበውም አንቺ እንድትሆኚ ተደራደሪ። መልሴ ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሰው አበባ ቤትን የሚያውቀው ከፊት ለፊት ነው። መስታወቱን፣ ሪባኑን፣ የተደረደረውን ጽጌረዳ ያያል። ሥራው ግን ያለው ጓዳ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬን ለሥራ ልምምድ ላስገባ አንድ አበባ ቤት በጠዋት ሄጄ ነበር። ባለቤቷ ካርቶን ከመክፈቷ በፊት ባዶ ባልዲ አንስታ አሸተተች። ከዚያ ለረዳቷ መልሳ ሰጠቻት። «ድገሚው፣ አልታጠበም» አለች። ባልዲው ለእኔ ዓይን ንጹሕ ነበር። አንቺ ግን ለምን እንዳስደገመቻት ገና ሳልነግርሽ ይገባሻል። ባክቴሪያ የዘንጉን ቧንቧ ይደፍነዋል፤ ውኃ አይወጣም፤ ጽጌረዳው ሳይፈነዳ አንገቱን ይደፋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በቆሸሸ ባልዲ የገባ አበባ፣ የልደቱ ሻማ በሚበራበት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ትምህርት ቤት ድኅረ ምርት አያያዝ ብለው አስተምረውሻል። ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢቀመጥ ዕድሜው እንደሚረዝም ታውቂያለሽ። ውኃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል መነቀል እንዳለበት ታውቂያለሽ። ዘንጉ በስል መቁረጫ በሰያፍ መቆረጥ እንዳለበትም እንዲሁ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አሁን ብዙ ቤቶች ለልደት አበባ ብቻ አይልኩም፤ ኬክና የፍራፍሬ ቅርጫት አብረው ይልካሉ። የበሰለ ሙዝ ካርኔሽን አበባ አጠገብ ሲያድር ምን እንደሚሆን፣ ስለ ኤትሊን፣ የበሰለ ፍራፍሬ ስለሚያወጣውና አበባን ስለሚያጠወልገው ጋዝ፣ የተማረ ሰው ያውቃል። ያልተማረ ሰው አበባ አምጪውን ይወቅሳል። ይህን አይተሽ ቅርጫቱን ወደ ሌላ ጥግ ያዞርሽ ቀን አለቃሽ ለምን ተመራቂ እንደቀጠረ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር ሰዓትና ቀን ነው። የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ይኸው ነው፤ ማንም በደንብ አይነግርሽም።

ከአዘዦችሽ ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ይሆናሉ። እናቷ ሳሪስ ያለች፣ እሷ ዋሽንግተን የምትኖር ልጅ ከሥራ የምትወጣው ማታ ነው። በእሷ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት ላይ ስትጽፍልሽ እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ደግሞ 12 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። ስለዚህ ሱቁ ሳይከፈት የሚጠብቁሽ ትዕዛዞች አሉ። ሪያድና ኩዌት ያሉት ግን ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ።

አሁን ልጅቷ «3 ሰዓት ላይ ይድረስልኝ» ብላ ጻፈች እንበል። እሷ የምትለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንቺ ጠዋት 3 ሰዓት ብለሽ ከላክሽው እናትየው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ በር የሚከፍት የለም። ሁልጊዜ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። ብዙ እናቶቻችን ልደታቸውን የሚያውቁት በበዓል ነው። «ለኅዳር ሚካኤል ነው የተወለድኩት» ይሉሻል። ልጃቸው ስልኳ ላይ ኖቬምበር 21 ብላ መዝግባዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21፣ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። በ2016 ኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 22 ላይ ነበር የዋለው። በ2020ም እንደዚያው ይውላል። ልጅቷ በስልኳ ብታዝዝ አበባው በዋዜማው ይደርሳል። እናትየው ደስ ይላቸዋል፤ ልጅቷ ግን ታፍራለች። አንቺ «በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?» ብለሽ ካጣራሽ ግን በየዓመቱ አንቺኑ ፈልጋ ታዛለች። ይህ የደንበኛ አያያዝ ነው። የትኛውም ድርጅት የሚከፍልበት ችሎታ ነው።

አድራሻውስ? የአዲስ አበባ አድራሻ እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ኮብልስቶን ገብተህ፣ አረንጓዴ በር» ነው። ስለዚህ መደወል ግድ ነው። ግን ለተቀባይዋ ከደወልሽ ሰርፕራይዙ አለቀ። ትዕዛዝ ስትቀበዪ ሁለተኛ ስልክ ጠይቂ፤ የወንድም፣ የጎረቤት፣ የቢሮ ጓደኛ። ቢሮ ከሆነ የጥበቃውን ነገር ቀድመሽ አጣሪ። አንዳንዱ ጥበቃ ዕቃ አያስገባም፤ አበባው ፀሐይ ላይ ይቆያል። አድራሽ ባለሞተሩ ፈቃድ ያለው መሆኑንም አለቃሽን ጠይቂ። ከ2011 ወዲህ በከተማው ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት ይያዛል፤ ሞተሩ ሲያዝ አበባውም አብሮ ይያዛል።

ይህን ሁሉ የማነሳው በራሴ ስለደረሰ ነው። ታላቅ እህቴ 50 ዓመት የሞላት ቀን እኔ ሀዋሳ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ጠዋት አዲስ አበባ ላለ አንድ ሱቅ ደውዬ ከፈልኩ። «እስከ 10 ሰዓት ይደርሳል» አሉኝ። 11 ሰዓት ላይ ስደውል «መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። ማታ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አበባው በማግስቱ ደረሰ፤ ካርዱ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነበር። ገንዘቡን መልሰውልኛል። እህቴ ግን ያን ማታ ዝም ብላ ማምሸቷን ከልጆቿ ነው የሰማሁት። «በሰዓቱ አይደርስም፣ ይቅርታ፣ ምን እናድርግ?» የሚል አንድ ሰው 8 ሰዓት ላይ ቢደውልልኝ ኖሮ የእህቴን ልጅ ልኬ አስገዛ ነበር። ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው። ካርዱን ከመላክሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ስሙን ከትዕዛዙ ጋር አስተያዪው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ውሉ ልምጣ። ደመወዙን አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ ስለ መጠኑ ምንም አልልም። ግን የሚከተለውን ሳታጣሪ አትፈርሚ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «ስድስት ወር እንይሽ» ቢሉሽ ሕጉን በትሕትና አስታውሻቸው። ሌላው ቅጣት ነው። «አበባ ከጠፋ፣ ትዕዛዝ ከተበላሸ ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ሊሉሽ ይችላሉ። እንዲሁ እንደፈለጉ መቁረጥ አይችሉም፤ አንቺ በጽሑፍ ከተስማማሽ ግን ይችላሉ። ስለዚህ የምትፈርሚውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢ። ብትስማሚም እንኳ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ሲቪዬን ያበላሽብኛል ላልሽው፣ እንደ አጻጻፍሽ ነው። «አበባ ቤት ሠርቻለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ ማንም አይቆምበትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን ደብተር ያዢ። ከየትኛው እርሻ ስንት ዘንግ መጣ? ስንቱ ተጣለ? ለምን? በሰዓቱ የደረሰው ስንት ነው? የሆለታ ደጋ ጽጌረዳና የዝዋዩ ጎን ለጎን ስንት ቀን ቆዩ? በስድስት ወር የራስሽ ቁጥር ይኖርሻል። እርሻዎች የማሸጊያና የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ሲፈልጉ፣ ከቆረጣ በኋላ አበባው ምን እንደሚገጥመው በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ አያገኙም። አንቺ ያን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። ማመልከትሽን ደግሞ አታቁሚ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለአባትሽ ምን ልበላቸው ብለሻል። ክርክር አትግጠሚ። ያስተማሩሽ ሳይቸግራቸው አይደለም፤ ልጄ ዝቅ አለች ብለው ነው የከፋቸው። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትቀበዪ እናትሽ ፊት አበባ አስረሽ ስጫቸው። ከዚያ ያን የምትይዢውን ደብተር አሳዪያቸው። መምህር ነበሩ ብለሽኛል፤ ደብተር ያነባሉ።

ሰኞ ለመነጋገር ስትሄጂ ሦስት ነገር ጠይቂ። የዕለቱ ትዕዛዝ የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው? አበባውን ከእርሻ የሚረከበው ማነው? ያልደረሰ ትዕዛዝ ሲኖር ለደንበኛው የሚደውለውስ? ከዚያ ጓዳውን አሳዩኝ በያቸው። ባልዲዎቹን እዪና ያየሽውን ጻፊልኝ።