መልስ፦ የታላቁ የቻይና ግንብ ፎቶ ሲታተም ለምን ደበዘዘ?

ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም፤ የፋይሉ ነው። ያወረድሽው ፎቶ ወርዱ 1200 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው ብለሻል። ይህ ሲታተም ወርዱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ መደብዘዙ አይቀርም። ከሶፋ በላይ ለምትፈልጊው 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ህትመት 5300 በ3500 ፒክስል ገደማ ያስፈልግሻል።

ያለሽን ግን አትጣዪው። በትንሹ አሳትሚውና ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ካርቶን ያለው ፍሬም ውስጥ አስገቢው።

ለትልቁ፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የለቀቃቸውን የቻይና ቅርሶች ምስሎች እዪ። በ1974 እ.ኤ.አ. በቻይና ሺያን ከተማ አጠገብ የተገኙትን የሸክላ ወታደሮች ከመረጥሽ ደግሞ የአንዱን ፊት ብቻ ውሰጂ፤ ሰልፉ በሙሉ ከሩቅ ሲታይ የተበተነ ጠጠር ነው የሚመስለው (ለእኔ ዓይን)።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ አንዳንድ አታሚ ለግድግዳው እንዲስማማ ብሎ የምስሉን ግራና ቀኝ ይገለብጠዋል። እኔ ቤት የቤጂንጉ ቤተ መንግሥት በር ጽሑፉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ሁለት ዓመት ተሰቅሏል። ቻይንኛ የምታነብ እንግዳ መጥታ እስክትስቅብኝ ድረስ አላወቅሁም። ከመክፈልሽ በፊት ከዋናው ፎቶ ጋር አስተያዪው።