መሬት ሲነካ ያንገጫገጨ ሁሉ መጥፎ ላንዲንግ አይደለም

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ልጠይቅ ዱባይ ሄጄ ሐምሌ ላይ ተመለስኩ። ቦሌ ዝናብ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ጓ ሲል ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጮኸች። ቤት ገብቼ ይህን ሳወራ የእህቴ ልጅ እየሳቀ ስልኩን አሳየኝ። ፓይለቶች ይቀልዳሉ። «በእግርህ ከወረድክ ጥሩ ላንዲንግ ነው፤ አውሮፕላኑ ነገም ከበረረ ግሩም ላንዲንግ ነው» ይላሉ። በሰው ነፍስ ይቀለዳል? ያን ቀን ያመጣንስ ካፒቴን ሙያው ጎድሎት ነው?
(አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። ድንጋጤዎ ይገባኛል። ግን ካፒቴኑን ለመውቀስ አይቸኩሉ።

መንደርደሪያው ላይ ውሃ ሲተኛ አብራሪው ሆን ብሎ ጠንከር አድርጎ ያሳርፋል። ጎማው በስሱ ከተቀመጠ ውሃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ያልዞረ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝለትም። ክንፉ ላይ ብድግ የሚሉትን ሳንቃ መሳይ ነገሮች በመስኮት አይተው ይሆናል። እነሱ የሚነሱት አውሮፕላኑ መሬት መንካቱ ሲታወቅ ነው። ሲነሱ ክንፉ መሸከሙን ይተዋል፤ ክብደቱ ጎማው ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑም ይይዛል። ስለዚህ ጎማው ውሃውን ሰብሮ አስፋልቱን መንካት አለበት። እርስዎን ያስደነገጠዎት ጓታ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ቦሌ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መሮጥ አለበት። ባህር ዳርቻ ላይ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የሚያርፍ አውሮፕላን፣ ነፋስ ከሌለ ቦሌ ላይ 290 ገደማ ይሮጣል። አብራሪው ፊት ያለው መለኪያ ግን ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚያሳየው። በዚህ ፍጥነት ላይ «እስቲ ትንሽ ላለስልሰው» ብሎ መሬቱን ሳይነኩ መንሳፈፍ በየሰከንዱ 80 ሜትር መንደርደሪያ መብላት ነው። እኔ አብራሪን የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። የት ነካ? በምን ፍጥነት? መሀል መስመሩን ይዞ ነበር? ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ሾፌሩን የሚያመሰግኑት ኩርባውን በመስመሩ ይዞ ስላወረደዎት ነው እንጂ ወንበሩ ስላልነቀነቀዎት አይደለም።

አውሮፕላን ለማረፍ ሲመጣ በሰከንድ ወደ 4 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ 10 ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ አብራሪው አፍንጫውን በትንሹ ቀና አድርጎ አወራረዱን ያበርደዋል። ጥሩ ሲሆን በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች ሆኖ ይነካል። የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች እግር ግን ሙሉ የማረፊያ ክብደቱን ተሸክሞ በሰከንድ 3 ሜትር ቢወርድበት እንኳ እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ሀንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ፣ እነዚህን እግሮች ስመረምር ነው። እግሩ ውስጥ ዘይትና የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ እንደ መኪና አሞርዛተር ይሠራል። ጠንካራ ላንዲንግ ከተመዘገበ አውሮፕላኑ ሳይታይ አይነሳም። ባትሪ ይዘን ሥሩ እንገባለን። የሚያብለጨልጨውን ዘንግ በጨርቅ ጠርገን ዘይት ያዘለ መሆኑን እናያለን። ጎማውን በእጃችን እንዳስሳለን። ክንፉ ከሆዱ በሚገናኝበት አካባቢ ቆርቆሮው ተጨማድዶ እንደሆነ መብራቱን ወደ ጎን ይዘን እናያለን፤ ፊት ለፊት ካበሩበት ጭምድዱ አይታይም።

አሁን ወደ ቀልዱ ልምጣ። እዚህ ላይ አልስማማም፤ ይቀለድ። ጥሩ ካፒቴኖች ወርደው እግሩ አጠገብ ይቆሙና «ዛሬ ጣልኩት፤ ደህና አድርጋችሁ እዩልኝ» ይላሉ፤ መዝገቡ ላይም ይጽፉታል። በሻይ ሰዓት በራሳቸው ላንዲንግ የሚስቁትም እነሱ ናቸው። «ለስላሳ ላንዲንግ ሦስት ሕጎች አሉት፤ የሚያውቃቸው ግን የለም» የሚለው ቀልድ ለጀማሪው ረዳት አብራሪ ትልቅ ነገር ይነግረዋል፦ ጠንክሮብህ ከሆነ ተናገር፣ ሁላችንም ላይ ደርሷል። የሚደብቅ ሰው ባለበት እኔ ሥሩ ገብቼ የምፈልገውን አላውቅም። ስለዚህ እትዬ፣ የእህትዎን ልጅ አይቆጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ። ስልኬ ላይ የበረራ ጌም እጫወታለሁ፤ ከኢንተርኔት ምክርም እሰበስባለሁ። «ለማረፍ ከፍ ብለህ ከመጣህ አፍንጫውን ድፋው»፣ «ተነስተህ ወዲያው ሞተር ከጠፋ ወደ መንደርደሪያው ዙር»፣ «ማታ ሞተር ከጠፋ መብራት አብራ፤ የምታየው ካላስደሰተህ አጥፋው» ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?
(ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጎበዝ፤ ከመያዝህ በፊት መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል።

የመብራቱ ነገር ንጹህ ቀልድ ነው። አብራሪዎች ፍርሃታቸውን የሚያስተነፍሱበት ነው። ሳቅበትና እለፈው።

የመጀመሪያው ግን ምክር መስሎ የሚመጣ ወጥመድ ነው። አፍንጫውን ብቻ ከደፋኸው ከፍታህን ወደ ፍጥነት ትለውጠዋለህ። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት በ21 በመቶ ይጨምራል። ከዚያ አውሮፕላኑ አላርፍም ብሎ ይንሳፈፋል፤ መንደርደሪያው ያልቃል። የሞተር ጉልበት ቀንስ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) ካለህ አውጣ፤ አሁንም ካልተስተካከለ ላንዲንጉን ትተህ ተነስና እንደገና ዙረህ ና። ዙሮ መምጣት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይህን ከአሁኑ ልብህ ውስጥ አስገባ።

ሁለተኛው ምክር ሰው ገድሏል። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ላይ፣ ገና ዝቅ ብለህ ሳለ ሞተር ሲጠፋ፣ ሰው የሚናፍቀው ከኋላው ያለውን አስፋልት ነው። ለመድረስ ግን በደንብ ማዘንበል አለብህ። ከፍታህን ጠብቀህ 45 ዲግሪ አዘንብለህ ስትዞር አውሮፕላኑ አየር ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በ19 በመቶ ይጨምራል። በ60 ዲግሪ በ41 በመቶ። አንተ ደግሞ ሞተር የለህም። ለዚህ ነው አስተማሪዎች ከፊትህ፣ ትንሽ ግራ ወይም ቀኝ ያለውን ማሳ ምረጥ የሚሉት። የጤፍ ማሳ ላይ ክንፍ ሰብሮ መውረድ ይሻላል።

ከቀልዶቹ ሁሉ ያዘው የምልህ አንድ አለ። «መሪውን ስትስብ ቤቶቹ ያንሳሉ፤ መሳብህን ከቀጠልክ እንደገና ይተልቃሉ።» ይህ እውነተኛ ትምህርት ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ ክንፉን ለቅቆ ይበታተናል፤ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ትወድቃለህ። መዳኛው ደግሞ እጅህ ከሚፈልገው ተቃራኒ ነው፤ መሪውን ወደ ፊት መግፋት። ጌምህ ላይ ከፍ ብለህ ወጥተህ ይህን ደጋግመህ ሞክረው። ፊዚክስህንም አጥና፤ በተለይ ኃይልና ፍጥነትን።

ጥያቄ፦ ካረፍን በኋላ ማጨብጨብ አብራሪውን ያስቀይመዋል?
(አንባቢ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አያስቀይመውም፤ በሩ ዝግ ስለሆነ መስማቱንም እንጃ። ስትወርዱ ካያችሁት «እናመሰግናለን» በሉት። ብቻ እያጨበጨባችሁ ቀበቶ አትፍቱ፤ አውሮፕላኑ ገና እየሮጠ ነው። በላንዲንጉ ወገቡን ወይም አንገቱን ያመመው ሰው ካለ ደግሞ ሳይወርድ ለአስተናጋጆቹ ይንገር።