ለሐረሯ እናት፦ ስለ ልጅዎ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ልጅዎን ይማርልዎ። የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የ4 ዓመት ልጅዎ በማጅራት ገትር ሐረር ተኝቶ መታከም ከጀመረ 5ኛ ቀኑ መሆኑን፣ ከጀርባው ፈሳሽ ሲቀዳ ሽባ ይሆንብኛል ብለው መፍራትዎን፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድዎ ደግሞ «በፈሳሹ ውስጥ ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች ስለሚለኩ እንደገና ተቀድቶ ይላክ» ማለቱን ገልጸው፣ ሐኪሞቹ ከአንቲባዮቲኩ ጋር የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት ለምን እንደሰጡት ጠይቀዋል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ለ19 ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ ሕክምናውን የሚወስኑት ልጁን የያዙት ሐኪሞች ናቸው፤ ስለ ፈሳሹ ግን የማውቀውን እነግርዎታለሁ። ለሳይቶካይን ምርመራ ብቻ ሲባል ልጁ ዳግም እንዲወጋ አይጠይቁ።

ስለ መርፌው አይስጉ። የሚገባው በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ሲሆን፣ ህብለ ሰረሰሩ በልጅዎ ዕድሜ ከዚያ ከፍ ብሎ ያበቃል። የተቀዳውን ጥቂት ሚሊ ሊትርም ሰውነቱ በሰዓታት ውስጥ ተክቶታል። መፍቀድዎ ትክክል ነበር።

ሳይቶካይን የሰውነት ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ የአንጎል ሽፋን ዘንድ ሲደርስ በስፍራው ያሉት የመከላከያ ሴሎች አስቀድመው ቲኤንኤፍ አልፋ እና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባሉትን ይለቃሉ፤ እነዚህም ኢንተርሉኪን 6ን እና ኢንተርሉኪን 8ን ያስከትላሉ። ኢንተርሉኪን 8 ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወደ ፈሳሹ ይጠራል፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይላላል፤ ፕሮቲን ሰርጎ ይገባል፤ አንጎልም ያብጣል። ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ የተነሣውን ቁጣ ለማብረድ ይወጣል። እኛ በማይክሮስኮፕ የምንቆጥራቸው ሴሎችና በማሽን የምንለካው ፕሮቲን፣ እነዚህ መልእክቶች ከተላኩ በኋላ የሚታዩ ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ የልጅዎ ሳይቶካይን ባይለካም ሥራው በውጤት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ጤናማ ልጅ በአንድ ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ከ5 የማይበልጡ ነጭ ሴሎች ይኖሩታል፤ የፈሳሹ ስኳርም የደሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ሴሎቹ በመቶዎችና በሺዎች ተቆጥረው አብዛኞቹ ኒውትሮፊል ከሆኑ፣ ስኳሩ ከወረደና ፕሮቲኑ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካለፈ፣ ባክቴሪያን አጥብቀን እንጠረጥራለን።

ዘመድዎ የተናገረው መሠረት የሌለው አይደለም። በጤናማ ልጅ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር ከጥቂት ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) የማያልፈው ኢንተርሉኪን 6 በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ጊዜ ወደ ሺዎች፣ አንዳንዴም ወደ አስር ሺዎች ይወጣል፤ በቫይረስ ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ይህ ምርመራ በእጄ ቢኖር ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ በበረታበት ወቅት የ3 ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ትኩሳት ይዟት አንድ ክሊኒክ ተወሰደች። በደሟ ወባ ስለተገኘ በዚያ ብቻ ታከመች፤ ቤተሰቡም ከመድኃኒት ቤት የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ገዝቶ ጨመረላት። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጣት። ፈሳሹ ተቀድቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ የሩዝ ውሃ መስሎ ነበር። ሴሎቿ 1,200፣ ስኳሯ 18 ሚሊ ግራም፣ በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ የምንፈልግበት የተቀባው ስላይድ ግን ባዶ፤ ባክቴሪያ በምናበቅልበት ካልቸር ላይም ምንም አልበቀለም። ሽሮፑ ባክቴሪያው እንዳይበቅል አድርጎት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በደም ውስጥ ወባ መገኘቱ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም፤ ይህንን በክሊኒክ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ሁሉ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ካልቸሩ ዝም ባለበት እንዲህ ባለ ጊዜ ከፍ ያለ ኢንተርሉኪን 6 የሐኪሙን ጥርጣሬ ባጠናከረለት ነበር።

ነገር ግን ኢንተርሉኪን 6 የባክቴሪያውን ስም አይናገርም፤ ከረጅም መንቀጥቀጥ፣ ከአንጎል ወባ ወይም ከደም መፍሰስ በኋላም ከፍ ሊል ይችላል። ሕክምናው በተጀመረ በቀናት ውስጥም መጠኑ ይወርዳል። በ5ኛ ቀን በተቀዳ ፈሳሽ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢገኝ መጀመሪያ ላይ ምን እንደነበረ አይነግረንም። ናሙናው ራሱም ስስ ነው። ወዲያው በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ በብርቱ ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ፣ መቀመጥ አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ጠርሙሱ መስኮት ዳር ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ኒውትሮፊሎቹ እንኳን እየፈረሱ ቁጥራቸው ይሳሳታል፤ እንዲህ ዘግይቶ የመጣ ናሙና በገጠመኝ ቁጥር ልቤ ያዝናል። መለኪያው ኤላይዛ ነው። እኛ በኤች አይ ቪና በጉበት ቫይረስ ምርመራ የምናውቀው 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን ማለት ነው። ለአንድ ልጅ ብሎ አንድ ሳህን መክፈት ጊዜንም ገንዘብንም ያባክናል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምናን ማዘግየት ደግሞ አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት ምርመራው በአብዛኛው የምርምር ቤቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

የጠየቁት መድኃኒት ዴክሳሜታሶን ይመስለኛል፤ እሱም የሚገባው ከእነዚሁ ፕሮቲኖች የተነሣ ነው። እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሲያፈርሰው የግድግዳው ስብርባሪ ይበተንና የቲኤንኤፍ አልፋ እና የኢንተርሉኪን 1 ልቀት በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል። ይህ ቁጣ የውስጥ ጆሮን እስከመጉዳት ይደርሳል። ዴክሳሜታሶን ልቀቱን ስለሚገታ የሚሰጠው ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መጠን በፊት ወይም አብሮ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በአጭር ጊዜ አሰጣጥ መከላከያውን ለዘለቄታው ያዳክማል ብለው አይጨነቁ። ጥቅሙ በግልጽ የታየው በሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ምክንያት በሚመጣ የመስማት ጉዳት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በማላዊ ሕፃናት ላይ የታተመው ጥናት ግን በሞትም ሆነ በቀሪ ጉዳት ላይ ልዩነት አላገኘም። እኛ አገር የዚህ ባክቴሪያ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ኒሞኮከስ የተባለው ሌላው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ክትባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ጎልቶ የሚጠቅምበት ባክቴሪያ ክትባት ባለበት፣ አንዱ ሐኪም ሰጥቶ ሌላው ቢተው ከቸልተኝነት አይቁጠሩት።

የእኔ ሥጋት የልጅዎ ጆሮ ነው። የወንድሜ ልጅ ድና በእግሯ ሄዳ ወጣች፤ በግራ ጆሮዋ እንደማትሰማ ያወቅነው ግን ከወራት በኋላ፣ ስልክ በግራዋ ሲያዝላት «ድምፅ የለውም» ስትል ነው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ልጅ ሲጠሩት ዞር ስለሚል ቤት ውስጥ በማጨብጨብ ብቻ አይታወቅም። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት፣ ካልሆነም ካገገመ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ፣ የሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት ለየብቻ በመሣሪያ የሚለካበትን ቦታ ሐኪሙ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ፈሳሽ ውጤት ቅጂም ይዘው ይሂዱ። የሴል ቁጥሩን፣ ስኳሩንና ፕሮቲኑን እዚህ ቢጽፉልኝ ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ አብራራልዎታለሁ።