የጋራው ቤት መጋዘን ሆነብን

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከ3ኛ ፎቅ የምትወርደው በሳምንት አንዴ ነው። የጋራው ቤት በር ላይ ደግሞ 3 ደረጃ አለ። ይባስ ብሎ ኮሚቴው ግማሹን ለመጋዘን አከራየው። በዓል ሲመጣ በግ የምናርደው መንገድ ላይ ሆኗል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም የብሎክ ኮሚቴ ሆኜ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ይገባኛል። የጋራው ቤት የተሠራው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለለቅሶና ለድግስ ነው። ፎቅ ላይ በግ አይታረድማ!

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ነው፤ የሚያስተዳድረው ማኅበራቸው ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ በሉ። ውሉ መቼ ያልቃል? ብሩ የት ገባ? ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ የእድሩን እናቶች ይዘሽ ግቢ። እነሱ ሲናገሩ ሰብሳቢው ጸጥ ይላል።

ደረጃውን በተመለከተ፣ አንዱ 17 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስቱ 51 ይሆናሉ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ከፍታውን 12 እጥፍ ይረዝማል፤ ስለዚህ 6 ሜትር ከምናምን ያስፈልጋችኋል። ግንበኛው «2 ሜትር ይበቃል» ካለሽ እንዳትሰሚው። እኛ ግቢ እንደዚያ ተሠርቶ የልጆች መንሸራተቻ ሆኖ ቀርቷል። የእጅ መደገፊያ ብረትም አይረሳ።

3ኛው ፎቅ? እሱ ላይ ኮሚቴም አያድንሽም፤ ሊፍት የለ። ጎረቤቴ ግን የራሷን ቤት አከራይታ እዚያው ብሎክ ምድር ላይ ተከራየች። አሁን እናቷ ጠዋት ጠዋት በራፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቡና ይጠጣሉ።