ስለ አክሰፕት ሄደር ጠይቁኝ፤ መብራት እስኪሄድ አለሁ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ቡና ተፈልቷል። ብሮውዘር ወይም አፕ ለሰርቨሩ «መልሱን በዚህ ዓይነት ስጠኝ» የሚልበት ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ የማስታወሻ መስመር) ግራ ያጋባችሁ፣ ወዲህ በሉ። ከወዲሁ ግን፦ የዓይነቶቹን ዝርዝር በኮማ ቆርጣችሁ የመጀመሪያውን አትውሰዱ!

ከየካ አባዶ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የተጻፈው አይደል እንዴ የሚቀድመው?

አይደለም። የሚታየው ኪው ነው፣ ከዓይነቱ ጎን የሚጻፈው የምርጫ ደረጃ። ከ0 እስከ 1 ነው፣ ከነጥብ በኋላ ቢበዛ ሦስት አሃዝ። ካልተጻፈ 1 ነው። «አፕሊኬሽን/ጄሰን;ኪው=0.5, ቴክስት/ኤችቲኤምኤል» ከመጣልህ ኋላ የተጻፈው ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ዓይነት) ጄሰንን (የጥሬ ዳታ ዓይነት) ያሸንፋል።

ኮከቧ (*፣ «ማንኛውም» ማለት ናት) ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ረቡዕ ምሳ ቤት ገብተህ «የጾም ይሁን እንጂ ያለውን አምጣ፤ ምስር ግን አልፈልግም» ብትል፣ አስተናጋጇ ምስርም የጾም ነው ብላ አታቀርብልህም። ለይተህ የጠራኸው በጅምላ ካልከው ይበልጣል። «*/*, ቴክስት/ፕሌይን;ኪው=0» ማለትም ይኸው ነው፦ ሁሉንም እቀበላለሁ፣ ፕሌይን ቴክስት ግን በጭራሽ። ኮከቧን አይተህ ማንበብ ካቆምክ ምስሩን አቀረብክ ማለት ነው።

ከለገጣፎ፦ ፒኤችፒ ይሻላል ኖድ?

ሌላ ቀን።

ከሰበታ፦ የኔ አይሰራም።

ምኑ? ጠንቋይ አይደለሁም፣ ሄደሩን ጻፈው።

ከሰበታ፦ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ጥያቄ መላኪያው) ጄሰን ይመጣል፣ በብሮውዘር ገጽ።

ታዲያ ሰርቷል! ከርል ካላዘዝከው «*/*» ብቻ ነው የሚልከው፤ ብሮውዘር ኤችቲኤምኤልን ያስቀድማል።

ከኮዬ ፈጬ፦ የጠየቀው ዓይነት ከሌለኝ 406 («በጠየቅከው ዓይነት የለኝም») ልመልስ?

ትችያለሽ። የ2022ቱ የኤችቲቲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 9110፣ ሄደሩን ትተሽ ያለሽን መላክም ይፈቅዳል።

ከለገጣፎ፦ ሽሮ ላዘዘ ክትፎ? ነውር ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ባዶ ሆዱን ከምሸኘው!

ከለገጣፎ፦ በጾም?

ከየካ አባዶ፦ ኧረ ራበን።

ክትፎውን ተዉት።

ከአያት፦ በአንድ አድራሻ ገጽም ጄሰንም እልካለሁ። ወደኋላ ስመለስ ብሮውዘሩ ጥሬ ጄሰን ይዘረግፍብኛል።

እቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! እኔንም አንድ ሌሊት አስነግታኛለች። ኮዱን አሥር ጊዜ አነበብኩት፣ ምንም የለውም። ጥፋቱ ካሹ (የመጣ መልስን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጠው) ላይ ነበር። ካሽ የሚያስቀምጠው በአድራሻ ነው፤ መልሱ እንደ አክሰፕቱ እንደሚለያይ ካልነገርከው ጄሰኑን ገጽ ለጠየቀም ያድለዋል። መልሱ ላይ «ቬሪ፦ አክሰፕት» የሚል ሄደር ጨምር። ገጹንም ስትልክ፣ ጄሰኑንም ስትልክ። አንዱ ላይ ብቻ አድርገህ እንዳትመጣ። ካሹንም አጽዳው፣ አሮጌው እዚያው ተቀምጧል።

ከገላን፦ 415 ምንድነው?

እሱ አክሰፕት አይደለም። ሰርቨሩ አንተ የላክኸውን ዓይነት አልቀበልም ሲል ነው። የላክኸውን ዓይነት የሚናገረውን ሄደር፣ ኮንተንት-ታይፕህን እይ።

ከገላን፦ እሺ። አክሰፕቱን ግን በኮማ ቆርጬ የመጀመሪያውን ብወስደውስ?

ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ። እኔ ቡናዬን ልጠጣ።