መልስ፦ በእንግሊዝ ቼልትነም የፈረስ ውድድር፣ አርብ ዕለት ከሰባቱ ውድድር የትኛውን ልገምት?

ሰባቱንም ለመገመት አትሞክር። «ሁሉም ፈረስ ጥሩ ይመስለኛል» ያልከው ሃንዲካፕ የሚባሉትን ውድድሮች ከሌሎቹ ጋር ስለቀላቀልካቸው ይመስለኛል። በሃንዲካፕ ጎበዙ ፈረስ የበለጠ ክብደት ይጫንበታል፤ ሆን ተብሎ እኩል እንዲሆኑ ነው። እነሱን ተዋቸው። የዕለቱ ዋና ውድድር የሆነውን ጎልድ ካፕን በመሳሰሉት ትልልቆቹ ላይ አተኩር።

ከዚያ እንዲህ አጣራ፦

1. መጀመሪያ ሜዳውን እይ። በደረቅ መሬት የበረረ ፈረስ ጭቃ ላይ ሌላ ፈረስ ነው።

2. ርቀቱን እይ። ጎልድ ካፕ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ 22 መሰናክል አለው። ከመጨረሻው መሰናክል በኋላ ደግሞ ዳገት ነው። እስከዚያ ሲመራ የነበረ ፈረስ እግሩ ከብዶት ሲቀደም ብዙ ጊዜ ታያለህ። ስለዚህ በረጅም ርቀት ጨርሶ የሚያውቀውን ምረጥ።

3. በውድድሩ ዝርዝር ላይ ከፈረሱ ስም አጠገብ ያሉትን ፊደሎች አንብብ። «ኤፍ» ወድቋል፣ «ፒ» ጋላቢው አቋርጦ አስቁሞታል ማለት ነው። አንዴ መውደቅ ያጋጥማል። ከተደጋገመ ግን እኔ አልነካውም።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ ማታ መርጠህ ማታውኑ ገንዘብ አታስይዝ። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ሜዳው ይለወጣል፣ አንዳንድ አሰልጣኞችም ፈረሳቸውን ከውድድሩ ያስወጣሉ። ጠዋት የሜዳውን ሁኔታና ከውድድሩ የወጡትን ፈረሶች አይተህ ወስን።